«ስበሪልኝ»፦ የዲላው ተቆጣጣሪ በፈረንሳይ ለጋሲዮን

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የቢሮ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ እንጦጦ ፓርክ ነው። አይቼዋለሁ፣ በታክሲ መስኮት። የሄድኩበትን ዋና ነገር ያየሁት ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባል ሰፈር፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱንም ግማሹን ያየሁት ወለል ላይ ተዘርሬ ነው። ወደዚያ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የክሊኒኩንም ስም አልጽፍም። ታሪኩ የራሳቸው የሆነው ሁለት ሴቶች ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ሥራዬ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጣውላ መሰንጠቂያና በቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። እዚያ አደጋ ድምፅ አለው፤ መጋዙ ይጮኻል፣ ቀበቶው ያፏጫል፣ ሰው ከሩቅ ይጠነቀቃል። ዘንድሮ ክሊኒኮችም ወደኔ ተጨመሩና አለቃዬ «አዲስ አበባ ሄደህ የለመደ ሰው ሲሠራ እይ» ብሎ ለአንድ ሳምንት ላከኝ። ለአለቃዬ ያልነገርኩት ነገር ቢኖር መርፌ መፍራቴን ነው። ትንሽ አይደለም የምፈራው። ልጆቼ ሲከተቡ ይዛ የምትገባው ሚስቴ ናት፤ እኔ በር ላይ ቆሜ የሰው ጫማ እጠብቅ ነበር።

እሑድ

ዲላ መናኸሪያ ስደርስ ጎረቤቴ ኑሪ ቀድሞኝ ቆሟል፤ እግሩ ሥር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አናናስ አለ። «ለእህቴ ለሩቂያ ነው። ማደሪያህም እሷ ቤት ነው። ሆቴል አደርክ ሲሉ ከሰማሁ እንጣላለን» አለኝ። ከኑሪ ጋር መጣላት አልፈልግም፤ ስኳር በዱቤ የሚሰጠኝ እሱ ነው።

ሐዋሳን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ ባጃጅ ድንገት መንገድ ገባና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ማዳበሪያው ተፈታ። አናናሱ በአውቶቡሱ ወለል ላይ እስከ ሾፌሩ ወንበር ድረስ ተንከባለለ። «ኧረ አናናሱን ያዙት!» ተባለ። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ከወንበር ሥር ገብቶ ሲለቅም ክራቫቱ አቧራ ጠረገ፤ ቅር እንኳ አላለውም። ሁሉም ተሰበሰበ ብዬ ከቋጠርኩ በኋላ ሞጆ ቁልቁለት ላይ አንድ የቀረ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። ምሳ ዝዋይ ነበር፣ የተጠበሰ ዓሣ፤ የከፈለልኝም ያው ባለክራቫቱ ሰው ነው።

ቃሊቲ ስወርድ የእማማ ሩቂያ ልጅ ከድር ይጠብቀኝ ነበር። ታክሲ እየቀያየርን ከተማውን አቋርጠን ወደ ፈረንሳይ ሽቅብ ስንጀምር ብርዱ በሸሚዜ ገባ። ዲላ በዚህ ሰዓት ሰው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። እዚህ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል።

ቤታቸው ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ነው። እማማ ሩቂያ የስልጤ ሴት ናቸው፤ ባል ከሞተባቸው ቆይቷል። ገና ሰላም ሳይሉኝ እጄን ያዙና «ውይ፣ በረዶ ሆነሃል!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ይዘው የወጡት ወፍራም ጥቁር ካፖርት ነበር። «የባለቤቴ ነው፣ የሐጂ። ልበሰው፤ እስክትመለስ እንዳታወልቀው።» እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርሳል። እራት ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። «ሥጋ ያላቀረብኩት ክርስቲያን ነህ፣ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አሉኝ። የእኛ አገር ቆጮ ወፈር ይላል፤ የእሳቸው እንደ ወረቀት ስስ ነበር። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው የእናንተን አላውቅም፣ የኛን ግን ጨርሰው» አሉ። ጨረስኩት።

ሰኞ

የምከተላት የአዲስ አበባዋ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ሰናይት ትባላለች። መጀመሪያ «አንቱ» ተባባልን፤ ከአንድ ዳገት በኋላ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር አንቱታው በዚያው ቀረ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ነው። ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ባለተረከዝ ጫማ ያደረገች ልጅ ስልክ እያወራች፣ እየሳቀች ታልፈኛለች፤ እኔ በሐጂ ካፖርት ውስጥ ላቤ ይወርዳል።

ክሊኒኩ ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው። ባለቤቱ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሐኪም ነው፤ ትሑት፣ ፈጣን ሰው። ሰናይት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጓንት፣ ስለ እጅ መታጠቢያ፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ነው። እኔ ግን የመርፌ መውጊያዋን ክፍል በር ላይ ቆሜ ማየት ያዝኩ። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ያገለገለ መርፌ በእጅ አይታጠፍ፣ ተመልሶ አይከደን» ተብሎ ተለጥፏል። ያገለገለው መርፌ እንዳለ የሚጣልበትን ቢጫ ሳጥን ግን ላገኘው አልቻልኩም።

«እዚህ ነው» አለች ነርሷ፣ ሲስተር መክሊት፣ ከጠረጴዛው ሥር መጋረጃ ገልጣ።

«ለምን ተደበቀ?»

«ታካሚ ሲያየው ይፈራል ጋሼ።»

ታካሚው ልክ ነው አልኩ በሆዴ።

ሰናይት በመጨረሻ «በመርፌ የተወጋ ሠራተኛ አለ?» ብላ ጠየቀች። ዶክተሩ «እኛ ጋ? ኧረ አያውቅም» አለ። መክሊት ጫማዋን አየች። እኔ ትዝ ያለኝ ዲላ ያለ አንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ነው። ባለቤቱ «እኛ ጋ ጣት የተቆረጠበት የለም» ሲለኝ ከኋላው የቆመው ሠራተኛ በዘጠኝ ጣቱ አፉን ይዞ ይስቅ ነበር። ለሰናይት ስነግራት መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፣ ከዚያ ግን ሳቋ ቀነሰ። «ሄጄ የጠየቅኩበት ሁሉ አያውቅም ነው የሚለኝ» አለች።

ማክሰኞ

ሰናይት እስከ ሐሙስ ቢሮ ስለምትውል ነፃ ነበርኩ። ከድር ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ስለሄደ እናቱን ክሊኒክ የማድረስ ሥራ የኔ ሆነ። እማማ ሩቂያን እግራቸውን ያማቸዋል፤ ለነርቭ የታዘዘላቸውን መርፌ ማክሰኞና ዓርብ ይወጋሉ። መድኃኒቱንም መርፌውንም ከፋርማሲ ገዝተው በፌስታል ይዘው ነው የሚሄዱት። መንገድ ላይ የማይጠራቸው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከእኔ በፊት ካፖርቱን ነበር የሚያውቁት፤ «የሐጂ አይደለም እንዴ?» እያሉ እጅጌውን እየዳበሱ ሰላም ይሉኝ ነበር።

የሚወጉት ትናንት ያየኋት ክፍል ውስጥ ነው፤ የምትወጋቸውም መክሊት ናት። እሷ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ እማማ ሱቅ ከረሜላ እየበላች ያደገች። እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የትናንቱ ተቆጣጣሪ መሆኔ ነው። እማማ እጄን አልለቅ ስላሉ መውጣት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ግድግዳው ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተክዬ ቆየሁ። መርፌው አለቀ። ደግ ነው፣ ተረፍኩ አልኩ።

እማማ ልብሳቸውን ሳይሰበስቡ «በይ ስበሪልኝ» አሉ።

መክሊት እኔን አየች። ግድግዳውን አየች። «እማማ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር…»

«ምነው ዛሬ? እስከ ዛሬ ስትሰብሪልኝ አልነበር? ስበሪውና ልየው።»

ቶሎ ብላ የመርፌውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችና አጠፈችው። በቀስታ ቢሆን ምናልባት ምንም አይደርስባትም ነበር። እኔ እያየኋት ስለነበር ቸኮለች። መርፌው አመለጣትና ጓንቱን በስቶ ገባ። ነጩ ጓንት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ደም ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ወደቅኩ።

ስነቃ እዚያው ወለሉ ላይ ነኝ። እማማ በሻሻቸው እያራገቡኝ «ያ ረቢ፣ ምን ነካው ይሄን ሰው?» ይላሉ። ዶክተሩ ሮጦ መጥቷል፣ ከታካሚዎቹ አንዷ ስኳር በውኃ በጥብጣ ታጠጣኛለች። መርፌ የተወጋችውን ልጅ የሚያያት የለም። ከቧንቧው ሥር ቆማ ጣቷን በሳሙና ታጥባለች።

«ምንም አልሆንኩም» አልኩ። እሷም ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ሰማኋት።

እማማ ውጭ ካሉት ሴቶች ጋር የኔን መውደቅ ሊያወሩ ሲወጡ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ካደች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ እባክዎ አያውሩብኝ። ዶክተር ትናንት አያውቅም ብሏል፣ በማግስቱ እኔ ተወጋሁ ልበል? ማስጠንቀቂያው ደግሞ አናቴ ላይ ተለጥፏል።»

«መድኃኒት የለውም እንዴ?»

«አለው። ኤች አይ ቪን የሚከላከል ኪኒን አለ፣ ቶሎ ከተጀመረ። ሦስት ቀን ካለፈ ዋጋ የለውም። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ነው የባሰ የሚያሳስበኝ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ አንዴ ወስጄ ቀረሁ። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም።»

ዛሬውኑ ሂጂ አልኳት። ብቻዋን ተረኛ ነበረች፤ በረንዳው በታካሚ ተሞልቷል። ነገ ማልዳ ልትሄድ፣ እኔም ላልናገር ተስማማን። ቃሌን ሰጠሁ እንጂ ደስ አላለኝም።

ሲመሽ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን እማማን ጠየቅኳቸው። ሰው ቤት ገብቶ ሳይጠይቅ ማደር የማይችል ሰው ነኝ። «ለምንድነው ስበሪልኝ የሚሉት?»

ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወሉ ነገሩኝ። ድሮ በዚህ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ የሚወጋ ሰው ነበር። አንዱን መርፌ ለስንቱ እንደተጠቀመበት የሚያውቅ የለም። ሐጂ ወገባቸውን ሲያማቸው እሱ ወጋቸው። ዓመታት ቆይቶ ሆዳቸው አበጠ፤ ሐኪም ጉበት ነው አለ። «የገደለው ያ መርፌ ነው፣ ወላሂ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ እያየ ካልተሰበረ አላምንም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከኔ ነው የተማረው።»

«እርስዎ ደምዎን ታይተው ያውቃሉ?»

«ምን ሊያደርግልኝ? አላህ የጻፈውን ልለውጥ ነው?» ብለው ጨርቁን አጠፉት።

ካፖርቱን ለብሼ ነው የምሰማቸው። በደንብ ከበደኝ። የመክሊት መርፌ ከእሳቸው ደም ነው የወጣው፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን የኖሩት ከሐጂ ጋር ነው።

ረቡዕ

ከመክሊት ጋር ማንም የማያውቃት ሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ጤና መኮንን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም። የመጀመሪያውን ኪኒን በውኃ አስዋጣት፤ የጉበቱንም ክትባት በዚያው አስጀመራት። ከዚያ «የታካሚዋ ደም ታይቷል?» ሲል ጠየቀ።

«አልታየም።»

«መታየት አለበት። ነፃ ከሆነች ይሄን ኪኒን አንድ ወር አትሰቃይበትም። ጉበቷ ላይ ካለ ደግሞ ሌላ የምንጨምርልሽ አለ፣ እሱም ቀን አይሰጥም። ፈቃዷን ጠይቂያት፤ ግድ የለም፣ ጠይቂያት።»

መክሊት ከወጣን በኋላ «ጠይቂያት ማለት ለሱ ቀላል ነው» አለች። ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁላት፤ ግማሹን እኔ በላሁት።

ከዚያ እንጦጦ ራጉኤል ልውጣ አለች። በሽሮ ሜዳ ዞረን በታክሲ ሽቅብ ወጣን። የፓርኩን በር ያየሁት ያኔ ነው፤ ልጆች የብስክሌት ቆብ አድርገው ይገባሉ፣ እኛ አለፍነው። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ መካከል ያለው ብርድ ከፈረንሳዩ ይብሳል። እሷ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልማ እስክትመለስ ቅጥሩ ላይ ተደግፌ ከተማውን አየሁ። ከዲላ ዳገት ቁልቁል ስታይ የሰውን ቤት ለይተህ ታውቀዋለህ፤ እዚህ ጣሪያው ማለቂያ የለውም።

ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሕጉ ምን ይለኛል?»

ይሄ የኔ ሙያ ነው፤ ደስ አለኝ። «ሕጉ ጥፋተኛው ማነው ብሎ አይጀምርም» አልኳት። «ሥራ ላይ እያለሽ የደረሰብሽ ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው። አሠሪው ባያጠፋም ያሳክምሻል። አደጋውን ማሳወቅ አለበት። ጉዳቱ እንዳይደርስም አስቀድሞ መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው፤ ክትባቱም ከዚያ ይቆጠራል።»

«እና ያ ወረቀት?»

ሕጉ አንድ ሽንቁር አለው፤ ሠራተኛው በግልጽ የተነገረውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ አሠሪው ሊያመልጥ ይችላል። ልደብቃት አልፈለግኩም፣ ነገርኳት።

«ባለፈው አንዲት ሴት አልሰብርልሽም ስላት ተቆጥታ ወጣች» አለች። «ዶክተር ጠርቶ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ደንበኛ አታስቀይሚ።»

«ይሄንን ነገ ሰናይት ፊት ትደግሚዋለሽ?»

ቁልቁል ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሐሙስ

እኔና ሰናይት ክሊኒኩን ለማጠቃለል ስንገባ መክሊት ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ ቆማለች። «እነሱም ባሉበት ነው የምናገረው» አለችውና ሁሉንም ነገረችው።

ዶክተሩ ደነገጠ። መጀመሪያ ያለው እሷ የፈራችውን ነው። «ተለጥፏል እኮ መክሊት። ግልጽ መመሪያ ነው።»

«ደንበኛ አታስቀይሚ ያሉኝስ?»

ሰናይት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲህ ክሊኒኩ ሁለት መመሪያ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ግድግዳ ላይ ያለ፣ ሌላው የሚሠራበት። ጥሳለች የሚሉኝ የትኛውን ነው ዶክተር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ። «እኔም ተወግቼ አውቃለሁ» አለ። «ተለማማጅ ሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት፤ ለሚስቴ እንኳ ዛሬም አልነገርኳትም።» ከዚያ አደጋውን ራሱ ጽፎ ለሰናይት ሰጣት። የሁሉንም ሠራተኛ ክትባት ክሊኒኩ እንደሚያስጨርስም ፈረመ። ሰውየውን ወደድኩት፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር የገባሁት።

ቀጥሎ ግን ያለው አልጣመኝም። «ለእማማ ሩቂያ ምን ያስጨንቀናል? ነገ ሲመጡ ስኳርዎን እንይ ብለን ደም እንውሰድና ሁሉንም እንመርምር።»

«አይሆንም» አለች መክሊት። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እማማ ስበሪልኝ የሚሉት በመርፌ ስለተታለሉ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ደግሞ እኔ በመርፌ ላታልላቸው?»

ከሰዓት በኋላ ቤት መጣች። እማማ ደስ ብሏቸው ከሱቅ ብስኩት አወረዱ፣ ሻይ አቀረቡ። ሻዩን ሳትነካ ነገረቻቸው። መወጋቷን፣ ኪኒን መጀመሯን፣ ደማቸው ቢታይ የሚጠቅማት መሆኑን፣ ውጤቱን ከሁለታቸውና ከሐኪሙ በቀር ማንም እንደማያውቅ።

እማማ ፊታቸው ጠቆረ። «የኔ ደም ምን ሆነና?»

«ምንም ሆኗል አላልኩም እማማ። አላውቅም፤ ስለማላውቅ ነው የመጣሁት።»

«በስተርጅና ልመርመር? ሰው ምን ይለኛል?» ተነሥተው ጓዳ ገቡና መጋረጃውን ጣሉት። መክሊት ትንሽ ጠብቃ እያለቀሰች ወጣች። እራት ያቀረበልኝ ከድር ነው፤ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፣ እኔም አልነገርኩትም። ቆጮው ያው ቆጮ ነበር፤ ግማሹን ግን ሳልበላ ተውኩት። በእንግድነት ቤታቸው ገብቼ፣ የባላቸውን ልብስ ለብሼ፣ ሰላማቸውን የነሳሁ ያህል ተሰማኝ።

ዓርብ

ስነቃ እማማ የሉም። ከድርም ወዴት እንደሄዱ አላወቀም። ሻንጣዬን አዘጋጀሁና መክሊትን ልሰናበት ወደ ክሊኒኩ ወጣሁ። ዳገቱን ያለማቋረጥ የወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው እማማ ሩቂያ፣ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ክንዳቸው ላይ ጥጥ ተለጥፏል። አጠገባቸው ያለችው ሴት «ምነው፣ ደም ሰጡ እንዴ?» ስትል ደረስኩ።

«ሰጠሁ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። «መክሊት በኔ መርፌ ተወግታለች። ስበሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ አጥንቷ ድረስ ፈርታ እያለች መጥታ በግልጽ ጠየቀችኝ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰው ምን ይለኛል ልበል?»

እኔን ሲያዩ «ና፣ አንተ ፈሪ፣ ያዘኝ» አሉና ተነሡ።

ክፍሏ ውስጥ መክሊት ወጋቻቸው። ዓይኔን አላዞርኩም፤ ጀርባዬን ግን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር። አልቆ መርፌው እጇ ላይ ሲቀር ሁላችንም እንጠብቅ ነበር።

«አትስበሪው» አሉ እማማ። «የት ነው የምትጥይው?»

መክሊት መጋረጃውን ገልጣ ቢጫውን ሳጥን አወጣችና ፊታቸው አስቀመጠችው። ጎንበስ ብለው አፉን መረመሩት። «ከገባ በኋላ ይወጣል?»

«አይወጣም እማማ። ሳጥኑ ከነመርፌው ነው የሚቃጠለው።»

«በይ እያየሁሽ ጣይው።»

ጣለችው። ጠብ ሲል ሁላችንም ሰማነው። እማማ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሻሻቸውን አስተካከሉ። ቀጥላ የገባችው ሴት ከበሩ ገና «ለኔም እያየሁ ይጣልልኝ» ስትል ሰማሁ። ሰናይት ከሰዓት በኋላ ስትመጣ በማጠቃለያዋ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሳጥኑ ከመጋረጃ ወጥቶ ታካሚው በሚያየው ቦታ፣ መርፌ የያዘው እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ አለች። ዲላ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን እንደሆነ ነገርኳት።

ቅዳሜ

እማማ እስከ ታክሲው ሸኙኝ። ካፖርቱን አውልቄ ስሰጣቸው መልሰው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ዲላ ሞቃት ነው ብላቸው «እንግዲያው ስትወድቅ አንጥፈው» አሉኝ። በፌስታል ቆጮ ጠቅልለውልኝ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጠች እናት አካፍዬ በላን። «የእኛ ይወፍራል» አለችኝ፤ እሷም የዲላ ሰው ናት።

ስለ ደሙ ውጤት አልጠየቅኩም። የኔ አልነበረም። ከተመለስኩ ሳምንታት አልፈው ኑሪ ከሱቁ ጠራኝና ስልኩን ሰጠኝ። እማማ ሩቂያ ነበሩ።

«መክሊት ደህና ናት» አሉኝ፤ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ። «ኪኒኑን አስቁመውላታል፣ በሱ በኩል እኔ ነፃ ነኝ። ለጉበቱ ተጨማሪ መርፌ ወግተዋታል፣ ክትባቱንም እየጨረሰች ነው፤ እስካሁን ደሟ ንጹሕ ነው አሏት።»

«እርስዎስ እማማ?»

ከሱቁ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ፤ የእሳቸው ይሁን የእኛ እንጃ። «እኔማ የሐጂ አለብኝ። ጉበቴ ላይ ተቀምጦ ኖሯል፣ ሳላውቅ። ገና አልጎዳሽም፣ በጊዜ ደርሰሻል ብለው መድኃኒት ጀመሩልኝ። ልጅቷ ባትጠይቀኝ ኖሮ እኔም ሆዴ እስኪያብጥ እቀመጥ ነበር። ጻፈው፤ ለዚያ ለሰፈርህ ሰውም ንገር።»

እንባዬ መጣ፣ ኑሪ ስኳር እየመዘነ ያየኛል። «ታዲያ አሁን መርፌ ማመን ጀመሩ?» አልኳቸው።

«ማን ነው ያመነው?» አሉ። «ማክሰኞና ዓርብ ሳጥኑ ሥር ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው የሚጣለው።»